ከናዲን ማድረቂያ የወጣው ቀይ ብናኝ

ሆሊስ በርዴትን ፍቅር የያዘው በአንሶላ ምክንያት ነው። እንዲህ ብዬ መጀመሬ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሱ ራሱ «ፍቅር» የሚለውን ቃል ሲጠራ አንድም ቀን አልሰማሁትም። እኔ ግን ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። በተጎታች ቤት ሰፈር ደግሞ ጎረቤትህ ሲያስነጥስ መሐረብ የምታወጣው አንተ ነህ።

ሰፈራችን ሜስኪት ቤንድ ይባላል፤ ቴክሳስ ደቡብ ጫፍ፣ ከወንዙ አጠገብ ነው። ሰሜኑ በረዶ ሲለብስ ከኔብራስካ፣ ከሚኒሶታ፣ ከአዮዋ ጡረተኞች ቤታቸውን በፒክአፕ እየጎተቱ ይመጡና እስከ መጋቢት መጨረሻ ይቆያሉ። እንደ ሆሊስና እንደ እኔ ያሉት ጥቂቶች ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነን። የሆሊስ ቤት ጎማ ከተሽከረከረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ በግራ በኩል ባለው ጎማ ሥር ቁልቋል በቅሏል።

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አርካንሳስ ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ላሜራ ሲቆርጥና ሲያጥፍ፣ የማሞቂያ ቱቦ በየቤቱ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። ረጅም ነው፤ ጣራ ሥር ጎንበስ ብሎ ስለኖረ ሜዳ ላይም ጎንበስ ይላል። ግድግዳ በጣቱ አንኳኩቶ ከጀርባው ምን እንዳለ ይነግርሃል። እንጨት ይሁን ብረት፣ ሽቦ ይሁን ባዶ፣ ሲሳሳት አላየሁትም። የሰው ነገር ላይ ግን እንዲህ አይደለም።

«ኦፓል የተለየችኝ በሌላ ወንድ አይደለም» ብሎኛል ስለ ቀድሞ ሚስቱ ሲያወራ። «ሌላ ወንድ አለ፣ ሌላ ወንድ አለ እያልኩ ሃያ ዓመት ስላደረቅኳት ነው። መጨረሻ ላይ ‹አንተ እኮ በፖስተኛው ባርኔጣ ሳይቀር ትቀናለህ› አለችና ሻንጣዋን አነሣች።»

«እውነትም ትቀና ነበር?»

«ባርኔጣው ያምርበታ!»

ወደ አንሶላው ልመለስ። በሰፈራችን እያንዳንዱ መስመር የልብስ ማጠቢያ ቀን አለው፤ የእኛ መስመር ሰኞ ነው። ናዲን ኩልማን ባሏ በሞተ በዓመቱ ብቻዋን ከኔብራስካ ስትመጣ ከሆሊስ ፊት ለፊት አቆመች። በመጀመሪያው ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሰፊ አንሶላ ይዛ ስትታገል አየችው። «አንተ ረጅሙ፣ ሥራ ከፈታህ ጫፉን ያዝልኝ» አለችው።

ያዘላት። አንሶላ ሁለት ሰዎች ተራርቀው ቆመው የሚጀምሩት፣ በየእጥፉ እየተቀራረቡ መጥተው ጣት ለጣት ሲነካኩ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት፣ እሷ እዚህ በምትቆይባቸው ወራት በየሰኞው፣ ሁለት ሰዓት ላይ ሆሊስ ጢሙን ተላጭቶ ቅርጫቱን ይዞ ይወጣል። አንዳንዴ ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ፎጣ ብቻ ይኖራል።

በአምስተኛው ዓመት፣ ጥር መግቢያ ላይ፣ ናዲን ጠራችው።

«ና እስኪ ይሄን ቁም ሣጥን እየው። ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ላስገባ ነው። ትንንሾቹን፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚቆሙትን።»

መኝታ ቤቷ ጥግ ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተችለት። ቤቱን የሠሩት ሰዎች የውኃ መግቢያውንም መውጫውንም አዘጋጅተው ትተውታል።

«የጎደለው የማድረቂያው ትንፋሽ መውጫ ብቻ ነው» አለች። «አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ትንፋሽ ስታስወጣ የኖርክ ሰው ነህ።»

ሆሊስ ግድግዳውን አንኳኳው። ባዶ ነበር። አራት ኢንች ቀዳዳ፣ አንድ ክንድ ቱቦ፣ ከውጭ ክዳን ያለው አፍ፤ ለእሱ የጠዋት ሥራ ነበር። እሱ ግን ሰኞን አሰበ።

«ብረት አለ» አላት።

«የቱ ጋ?»

«እዚህ ጋ። አግዳሚ ብረት ነው። ከበሳሁት ግድግዳው ይላላል። አይሆንም፣ ናዲን።»

«እንደ ከበሮ ነው እኮ የጮኸው።»

«ከበሮም የብረት አለ።»

ትንሽ አየችው። ከዚያ «እሺ» አለች፤ ቁም ሣጥኑን ዘጋች። ሆሊስ ወጥቶ ወደ እኔ መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ነገሩን ሲነግረኝ ፊቱ ከረሜላ እንደሰረቀ ልጅ ነበር።

ጋርዝ ኤንግስትሮም የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከሚኒሶታ ነው፤ ስድሳ አራት ዓመቱ፣ ሚስቱን የፈታ፣ ጥርሱ ሁሉ የራሱ። ከፒክአፑ ሲወርድ ቀይና ጥቁር ዳማ ያለው የአደን ጃኬት ለብሶ ነበር። የመሣሪያ ሣጥኑ እንደ መሳቢያ ተስቦ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ መፍቻ የራሱ ቦታ አለው። ሆሊስ ያን ሣጥን ሲያይ ምሳውን አልጨረሰም። ናዲን ስለ ማድረቂያው ጠየቀችው፤ ጋርዝ ግድግዳውን አላንኳኳም፣ ምንም አላለም፣ «ግማሽ ቀን» ብቻ አላት።

ማሽኖቹ በጥር መጨረሻ፣ ሰኞ ቀን ደረሱ። ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሆሊስ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ሁልጊዜ ከሚጠቀሙበት ማሽን ቁጥር አራት አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ እስከ ሦስት ተኩል ጠበቀ። አንሶላውን አገጩ ሥር ይዞ ለብቻው አጠፈው፤ እንደ ተጨማደደ ካርታ ሆነ። ሲመለስ ጋርዝ መሰላል ላይ ቆሞ የናዲንን ግድግዳ በክብ መጋዝ እየቆረጠ ነው። ናዲን ከታች ሜትሩን ይዛለታለች፤ ትስቃለች።

«አለቃ!» ብሎ ተጣራ ጋርዝ። «አየር ቱቦ ላይ ብርቱ ነህ ይላሉ። ና እስኪ ያንተ ዐይን ይየው!»

«ዐይኔ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነው» አለ ሆሊስ፤ ወንበሩን ግን ወደዚያው አዞረ።

ከዚያ ከሰዓት በኋላ ጋርዝ ማሸጊያ ሲሊኮን ሊገዛ ሲሄድ ሆሊስ አንገቱን አስግጎ ቱቦውን አየ። ብዙ ሰው ቱቦውን በቪቴ ያያይዘዋል፤ የቪቴው ጫፍ ወደ ውስጥ ሲወጣ የልብስ ብናኝ እየያዘ ይከማቻል፣ አንድ ቀን ይጋያል። ሆሊስ ቪቴ ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም ነበር። አንድም አልነበረም። ለስላሳ ቱቦ፣ በአሉሚኒየም ፕላስተር በንጽሕና የተጠቀለለ፣ አጭርና ቀጥ ያለ።

«እንዴት ነው?» አልኩት ሲመለስ።

«ይሆናል» አለ። እንደ ስድብ ነው የተናገረው።

ስህተቱን ያገኘው በማግስቱ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ድንገት ጭኑን መታ።

የናዲን መኝታ ቤት በዚያ በኩል ተገፊ ክፍል አለው። ሲቆም ቁልፍ ትጫናለህ፣ አንዱ የክፍሉ ጎን እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቤቱ ይሰፋል። ለመንገድ ስትነሣ መልሰህ ታስገባዋለህ፤ ያኔ ዙሪያውን ያለው ወፍራም ጠርዝ ግድግዳው ላይ ይገጠማል። ጋርዝ የቱቦውን አፍ ክዳን የገጠመው ልክ ከዚያ አጠገብ ነው።

«አራት ጣት ነው የራቀው» አለኝ ሆሊስ። «ጠርዙ ደግሞ ስድስት ይይዛል። ክፍሉ ሲገባ ክዳኑ ላይ ይወጣል፣ ክዳኑን ይዞ ግድግዳውን ይሸረክታል። ሰውየው ክፍሉ ወጥቶ እያለ ነው የለካው!»

እውነቱን ለመናገር ይህ የዚህ ሰፈር ሰው ስህተት ነው። አምስት ወር አንድ ቦታ ትቀመጣለህ፣ ደጅህ ላይ አበባ ትተክላለህ፣ ቤትህ ጎማ እንዳለው ትረሳለህ። መደርደሪያ ሠርቶ ክፍሉን ማስገባት ያቃተው፣ የሳተላይት ሰሐኑን ሳያወርድ የተነሣ፣ ሁሉንም አይተናል።

«ንገራታ» አልኩት።

«ግማሽ ቀን ያለው ይንገራት።»

«ግድግዳዋ ቢቀደድ እኮ መንገድ መውጣት አትችልም።»

«በመጋቢት እናያለን» አለ፤ እግሩን አነባበረ።

እኔም አልነገርኳትም። እንዲህ ባለ ነገር መሐል መግባት አልችልበትም፤ ልክ አልነበርኩም ይሆናል።

ማድረቂያው ሥራ ሲጀምር ትንፋሹ የሚወጣው ወደ ሆሊስ ደጅ ሆነ። ሞቅ ያለ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት አየር መንገዷን አቋርጦ ፊቱን ይዳብሰዋል። ወንበሩን ያነሣል ብዬ ነበር፤ አላነሣም። ዐይኑን ጨፍኖ ያሸት ነበር። «ዛሬ ፎጣ ነው» ይለኛል። «ይሄ የትራስ ልብስ ነው።» በማሽን እየቀና በማሽኑ ትንፋሽ የሚጽናና ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም።

አንድ ሐሙስ ግን ጠጠሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ሲለቅም አየሁት። መዳፉን ዘረጋልኝ። ከማድረቂያው ወንፊት አምልጦ የወጣ ብናኝ ነው፤ ለስላሳ፣ ደማቅ ቀይ።

«ናዲን ቀይ ልብስ አላት?» አለኝ።

«እኔ እንጃ።»

«የላትም። አራት ዓመት ልብሷን አይቻለሁ። ሰማያዊ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ነጭ አለ፣ ቀይ የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ጃኬት ምን ዓይነት ነበር?»

ያን ብናኝ በባዶ የአስፕሪን ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጠው። በየካቲትም አንድ ጊዜ መጣ፣ በመጋቢትም። ሁሉንም ጨመረው። ጋርዝ ልብሱን ናዲን ዘንድ ያሳጥባል፤ ልብሱን የሚያሳጥብ ሰው ደግሞ ሳይለብስ ይጠብቃል። የሆሊስ ሐሳብ እዚያ ደርሶ ነበር።

በየካቲት፣ ቅዳሜ፣ ሁሉም ከየቤቱ ሠርቶ በሚያመጣበት የጋራ እራት ላይ ናዲን የድንች ሰላጣ ሳህኗን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ማን ይናፍቅሃል? እኔ ወይስ ማሽን ቁጥር አራት?»

«ማሽን ቁጥር አራት ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ምንም።»

«ምንምህ ፊትህን ሞልቶታል።» ሳቀች፤ እሱ ሲዘጋት ግን ሳቋን ሰበሰበች። «ያቺ ትንሿ ማሽን አንሶላ አትችልም። ጠቅልላ እንደ ገመድ ነው የምታወጣልኝ።»

«ጋርዝ ይዘርጋልሽ።»

«ጋርዝን አሁን ምን አመጣው?»

ሆሊስ ሳህኑን ይዞ ተነሣ። ዓሣ የተጠበሰበት ጠረጴዛ ዘንድ ሄዶ ለብቻው ቆሞ በላ።

መጋቢት ሲያልቅ ሰሜኖቹ መሰናዳት ጀመሩ። ናዲን ማክሰኞ እንደምትነሣ ሰማን። ሆሊስ ሰኞ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነግሮኛል፤ ማክሰኞ ጠዋት ስናወራ ዐይኑ ቀልቶ ነበር።

«ከነገርኳት፣ ዘጠኝ ሳምንት ማወቄን ታውቃለች። ብረት የለም ብዬም መናዘዝ ሊኖርብኝ ነው። እንደ ኦፓል ትሄዳለች።»

«ካልነገርካትስ?»

«ቤቷ ይቀደዳል።» ጫማውን አየ። «ጋርዝ ያፍራል።»

«ይሄኛው ደስ ይልሃል?»

«እስከ ትናንት ድረስ ደስ ይለኝ ነበር።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ የናዲን በር ተከፈተ። ጋርዝ ከውጭ ቆሞ ጎማዎቹን ያያል። ናዲን ጣቷን ወደ ቁልፉ ስትሰድ አየናት፤ የተገፊው ክፍል ሞተርም ጉርርር አለ። ሆሊስ ከወንበሩ እንዴት እንደተነሣ አላውቅም። በነጠላ ጫማ መንገዷን ሮጦ ተሻገረ፤ አንዱ ጫማ መሐል ላይ ቀረ።

«አትጫኚው! ናዲን፣ ልቀቂው!»

ሞተሩ ቆመ። ናዲን በመስኮት ብቅ አለች። «ምንድን ነው? ድመት ገባ?»

«ክዳኑ! ጠርዙ ክዳኑን ይገነጥለዋል! ይሄ ሰውዬ ክፍሉ ወጥቶ እያለ ነው የለካው። ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ። አልነገርኩሽም።» ትንፋሹ አጠረ፤ ግን አላቆመም፣ እንደ ተፈታ ቧንቧ ሆነ። «ብረትም የለም። ባዶ ነበር። እኔ ራሴ በጠዋት ልሠራልሽ እችል ነበር። ልብሱንም እንደምታጥቢለት አውቃለሁ፣ ቀዩን!»

ጋርዝ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «የማንን ልብስ?»

«ያንተን ጃኬት!»

«አለቃ፣ ያ ጃኬት የመጀመሪያዋን አጋዘን ከመታሁ ጀምሮ ውኃ ነክቶት አያውቅም። ካላመንክ ና አሽትተው።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ክፍሉን ደግሞ አስገብቼ ነው የለካሁት። ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ። አንተ አልነበርክም። ናዲን፣ ጫኚው።»

«ቆይ!» አለ ሆሊስ።

ናዲን ጫነችው። ክፍሉ ቀስ እያለ ገባ። ጠርዙ ወደ ክዳኑ ቀረበ፣ ቀረበ፣ አንድ ጣት ሲቀረው ግድግዳው ላይ ተገጥሞ ቆመ። ክዳኑ አልተነካም። ሆሊስ ጎንበስ ብሎ በዚያች ክፍተት ጣቱን አስገባ። ከወንበሩ ሆኖ በሰያፍ ነበር ያየው፤ አርባ አንድ ዓመት የሠራ ሰው በሰያፍ የታየ ርቀት እንደሚያታልል ማወቅ ነበረበት።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጋርዝ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ የናዲንን ፊት ሲያይ ግን «ጎማ አየር ልሙላ» ብሎ ሄደ። ናዲን ወጣች። ለመንገድ ብላ ከአልጋዋ የገፈፈችውን አንሶላ በእጇ ይዛለች። ጫፉን ወረወረችለት።

«ያዝ።»

ያዘ። ተራርቀው ቆሙ፣ መሐል መንገድ ላይ፣ እሱ በአንድ እግር ጫማ። እኔ ወደ ቤቴ መግባት ነበረብኝ፤ አልገባሁም።

«ዘጠኝ ሳምንት» አለች አንደኛውን እጥፍ እያጠፈች። «እዚያ ግድግዳ ሥር ስተኛ፣ ይፈርሳል ብለህ እያሰብክ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር።»

«አዎ።»

ሁለተኛ እጥፍ። «ብረት እንደሌለ ያኔውኑ አውቄያለሁ። ስታንኳኳው ሰምቻለሁ፤ ጆሮ አለኝ። ያላወቅኩት ለምን እንደዋሸኸኝ ነው።»

«ሰኞዬን ስለሚወስድብኝ።»

ሦስተኛው እጥፍ ላይ በጣም ተቀራርበው ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ ስላደረገች የቀረውን የሰማሁት በኋላ ከእሱ ነው።

«ቀዩ የዶይል ነው» አለችው። ዶይል የሞተው ባሏ ነው። «ሦስት ሸሚዝ። በየወሩ አጥባቸዋለሁ፤ ካላጠብኳቸው ሣጥን ሣጥን ይሸታሉ። ሰኞ ሰኞ አንተ ፊት ማውጣት አቃተኝ። አራት ዓመት ሌላ ከተማ እየነዳሁ ነው ያጠብኳቸው። ማሽኑን የገዛሁት ለዚያ ነው፤ አንተ እንዳታያቸው።»

የመጨረሻው እጥፍ ላይ ጣት ለጣት ተነካኩ። አንሶላውን ከእጁ ወሰደች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ረፋዱ ላይ ሄደች፤ እጇን አላወዛወዘችም።

በዚያው ምሽት ሆሊስ የአስፕሪን ጠርሙሱን በእጁ እያንከባለለ ደጄ ላይ ተቀመጠ። ጋርዝ ነጻ ወጥቷል፤ ቅናቱ ግን ቦታ መቀየሩን ብቻ ነው የተረዳሁት።

«ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ደብዳቤ አልመጣም። ፊት ለፊቱ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ሣር በቀለ፤ ሆሊስ ማንም ሳይጠይቀው አጨደው። «አትመጣም» ይላል፣ ያጭዳል።

በኅዳር መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቆመች፣ ክፍሉን አወጣች፣ ለሁላችንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ሰላም አለች። እሑድ አልታየችም። ሰኞ ሆሊስ ተላጭቶ ቅርጫቱን ይዞ ሄደ፤ እየሄደ ሳለ የእሷ ማድረቂያ ትንፋሽ ደጁ ላይ ይመጣል ብሎ ወደ ኋላ ያይ ነበር። አልመጣም።

ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ተከፈተ። ናዲን ቅርጫቷን ማሽን ቁጥር አራት ላይ አሳረፈች፤ ከአንሶላው በላይ ሦስት ቀይ ሸሚዞች ነበሩ። አንድ በአንድ ዘርግታ፣ ሳትደብቅ፣ ከተተቻቸው።

«ቀለም ይለቃሉ» አለችው። «ነጭህን እንዳትቀላቅል።»

ሆሊስ የማይሆነውን ጠየቀ። «ሰውነቱ እንዴት ነበር?»

«ካንተ ሰፋ ያለ።»

ሲመለስ ይህንኑ ይነግረኝ ነበር፤ ወንበሬን እየነቀነቀ። «ሰፋ ያለ! እስኪ አሁን ሰፋ ያለ ማለት ምንድን ነው? ወፍራም ነበር ማለት አይቻልም?»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ሸሚዞቹ ደረቁ። እጅጌያቸውን ያዝልኝ አለችኝ።»

«ያዝክ?»

«ያዝኩ እንጂ» አለ ሆሊስ፤ አሁንም ጥርሱን ነክሶ ነበር። «አንሶላው ቀጥሎ ነዋ።»